ዳማ ቁጥር አርባ ሰባት

አባቴ በዳሳ ጋሪ ነጂ ነበር፤ ፈረሱን «ዳማ» ይለዋል፤
ከፍራንኮ እስከ ቦኩ ጥግ፣ ሲሚንቶ ጭኖ ያዘልቀዋል።
ዳማ ከሞተ ስምንት ዓመቱ፤ ጋሪው ከነጎማው ተሸጠ፤
ልጓሙ ብቻ ግድግዳ ላይ፣ ሚስማር ይዞ ተቀመጠ።

የእኔ ሥራ ሌላ ነው። አረንጓዴ ሰደርያ ለብሼ፣
የኪራይ ብስክሌት እቀልባለሁ፣ ባትሪ አውጥቼ ባትሪ መልሼ።
ፊት የመጡት፣ ሞተር አልባዎቹ፣ ቁልቁል ወርደው እዚያው ቀሩ፤
ሁሉም ወራጅ፣ መላሽ የለም፤ እንደ ክፉ ብድር ተቆጠሩ።
እነዚህ ግን ይመለሳሉ።
ነርሷም ሽቅብ ትወጣለች፣ ቲማቲም ሻጯ፣
ላብ ሳይነካት፣ ሳይፈታ ሻሿ።

እሑድ ለታ አባቴ መጣ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፤
አንድ በአንድ ዞራቸው፣ ዓይኑ በጥርጣሬ ደንግዞ።
የፈረስ ጥርስ እንደሚያይ ገዢ፣ ከፊታቸው ጎንበስ ብሎ፣
ጎማቸውን መታ በመዳፉ፤
«ምን ይበላል?» አለ ቀስ ብሎ።

«መብራት» አልኩት።
«መብራቱስ?»
«ነፋስ። ያውልህ ከጋራው ላይ።»
ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ፣ ከከተማው ጣሪያ በላይ።
ዝም አለ። ያን ነፋስ ያውቀዋል፤
ስንቴ ገለባ በትኖበት፣
ስንቴ አቧራ ዓይኑ ከትቶ፣ ስንቴ ባርኔጣ ነጥቆበት።
«ይሄ ሌባ!» አለ በመጨረሻ፤ «ለካ ሲሰርቀን የከረመው
ለዚህ ኖሯል የሚያጠራቅመው!»

አርባ ሰባትን መረጠ።
ሌሎቹ ሰማያዊ ናቸው፤ ይሄን ግን ባጃጅ ገጭቶት፣
ጋራዥ ገብቶ ሲወጣ፣ የተረፈ ቀለም ቀብተውት፣
ቀይም አይደል፣ ቡናማም አይደል። ዳማ ነው።
አባቴ አልተናገረም። እኔም አላነሳሁበት።

ስልኬን ነክቼ ቁልፉን ፈታሁ። ወጣ፤ እግሩን አላመነም፤
«ቼ!» አለው። ቼ ሲለው ሄደ፤ ወዲያ ወዲህ አላለም።
የሰባ ዓመት ሰው በአስፋልት መሐል እንደ ሕፃን ፈነደቀ፤
ባጃጁ ሁሉ ጥሩንባ እየነፋ፣ እየሳቀ መንገድ ለቀቀ።

ዳገቱ ሥር ሲደርስ ግን ወረደ።

«አባዬ ምነው?» ሮጬ ደረስኩ፤ «ሞተሩ እኮ ለዚሁ ነው!»
አልሰማኝም። እጀታውን ይዞ፣
ሽቅብ ይገፋል ጎን ለጎን፣ እንደ ጓደኛ እያዋዛው።
«ዳገት ላይ አይቀመጡበትም» አለኝ፤ «ሜዳው ላይ እሺ ይሁን።
ዳገት ላይ ወርደው ያግዙታል፤
አለዚያ ይቀየማል። ፈረስ ሲቀየም አይነግርህም፤
አንድ ቀን ብቻ ይተኛል።»
(ዳማም እንዲያ ነው የተኛው፤ ሲሚንቶውን እንደተሸከመ።
ያን ቀን አባቴ ጉልበቱን አሞት፣ ከጋሪው አልወረደም።)

ደቂቃው በስልኬ ይቆጥራል፤ ሁለት ብር፣ ሦስት ብር፣ አራት፤
በእግሩ እየሄደ የሚከፍል ሰው፣ ማሽኑ አይቶ አያውቅም ከዚያ በፊት።
ከፈልኩለት።

ጫፉ ላይ ቆመ፤ ቁና ቁና ተነፈሰ፤
ከተማዋ ከሥሩ፣ ቆርቆሮዋ ሁሉ ፀሐይ ለብሶ።
እጁን ከኮርቻው ላይ ሳያነሳ፣
«አ… ዳማ!» አለ።
አገሩን ጠርቶ ይሁን ፈረሱን፣
አልጠየቅሁትም። ነፋሱ ባርኔጣውን ወሰደው፤
አልተከተለውም።

ሰኞ ጧት ሥራ ስገባ፣ ከአርባ ሰባት አንገት ላይ
ቀይ የሱፍ ዘርፍ ታስሯል፤ የልጓሙ፣ የሚስማሩ ላይ።
ደንባችን ግልጽ ነው፦ «ባዕድ ነገር አይታሰርም፣ ይቆረጥ።»
መቀስ አወጣሁ። ያዝኩት። ዘርፉ ውስጥ አንድ ጭራ፣
ጥቁር፣ ወፍራም፣ የፈረስ።
መቀሱን ኪሴ መለስኩት።

ማታ ከዳገቱ ወርዶ መጣ፣ ስንት ሰው ጋልቦት ውሎ፤
ማንም ዘርፉን አልፈታውም።
ባትሪው አሥራ ሁለት በመቶ።
ግራ ቀኝ አየሁ፣ ሰው የለም፤
«ጎሽ» ብዬ ቀለብኩት።